የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶችን በመርከብ ለመጎብኘት፦ ከናይሮቢ የሚነሳ መንገደኛ ምን ማወቅ አለበት?

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በቅዝቃዜ በሚያዙባቸው ወራት የሞምባሳው ኪሊንዲኒ ወደብ እንግዳ ይበዛበታል። ባለብዙ ፎቅ ሕንጻ የሚያካክሉ የመዝናኛ መርከቦች ማለዳ ላይ ወደቡ ይደርሳሉ። ከተሳፋሪዎቻቸው ገሚሱ ወደ አሮጌው ከተማና ፖርቹጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ ገነቡት ፎርት ጂሰስ ምሽግ፣ ገሚሱ ደግሞ ዝሆን ለማየት ወደ ጻቮ ፓርክ ይሄዳል። ሲመሽ ሁሉም ይመለሳሉ፤ መርከቧም ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ ሲሼልስ ጉዞዋን ትቀጥላለች።

እንዲህ ያለው ጉዞ ለረጅም ጊዜ የሌሎች አገራት ጡረተኞች መዝናኛ ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ግን በናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ስለ ጉዞው ይጠይቃሉ። አንዱ ምክንያት የቤተሰብ መገናኛ መሆኑ ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ልጆች ከአዲስ አበባ ከሚነሱ ወላጆቻቸው ጋር ኬንያ ላይ ተገናኝተው፣ ጥቂት ቀናትን ባሕር ላይ አብረው ለማሳለፍ ያስባሉ።

ችግሩ የመርከብ ኩባንያዎቹ ማስታወቂያ የተዘጋጀው ለሌላ ዓይነት መንገደኛ መሆኑ ነው። መነሻው ሌላ ነው፤ የሚሸሸው ክረምት ሌላ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የያዘው ፓስፖርት ሌላ ነው። ስለዚህ ከናይሮቢ የሚነሳ ሰው የመዋኛ ገንዳዎችንና የምግብ አዳራሾችን ከማነጻጸሩ በፊት ማስታወቂያው የማይመልሳቸውን ጥያቄዎች ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።

መርከቧ ከየት ትነሳለች?

ሞምባሳ የመዝናኛ መርከብ ተርሚናል አላት። የኬንያ ወደቦች ባለሥልጣን በኪሊንዲኒ አንድ የቆየ መጋዘን በትሬድማርክ ኢስት አፍሪካ ድጋፍ አድሶ ለመንገደኞች መቀበያነት አውሎታል። ይሁንና ወደዚያ የሚመጡት መርከቦች በአብዛኛው አላፊዎች ናቸው። ከኬፕታውን፣ ከባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም ከአውሮፓ ተነስተው ለአንድ ቀን ይቆማሉ እንጂ ተሳፋሪ ሰብስበው ጉዞ የሚጀምሩት ከሞምባሳ አይደለም።

በሕንድ ውቅያኖስ የመዝናኛ መርከብ ጉዞ በአመዛኙ የሚጀመረው ከደርባን፣ ከሞሪሽየሷ ፖርት ልዊስ ወይም ከሲሼልሷ ማሄ ነው። ከደርባን የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች የሞዛምቢክ ደሴቶችንና የባሕር ዳርቻዎችን ለአጭር ጊዜ ይጎበኛሉ። ከሞሪሽየስ የሚነሱት ሬዩኒየንን፣ ማዳጋስካርንና ሲሼልስን ያካልላሉ። በመሆኑም ከናይሮቢ የሚነሳ ሰው ለመርከቡ ከሚከፍለው ሌላ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፤ በአውሮፕላኑ መዘግየት መርከቧ እንዳታመልጠውም አንድ ቀን ቀድሞ መድረስና ሆቴል ማደር ይኖርበታል። ማስታወቂያው ላይ ርካሽ የሚመስለው ዋጋ ይህንን ሁሉ አይጨምርም።

ከእአአ ኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ የፈጸሙት ጥቃትም የጉዞ መስመሮቹን አናግቷል። በስዊዝ ቦይ በኩል ከአውሮፓ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዱ የነበሩ አንዳንድ ጉዞዎች ተሰርዘዋል፤ ሌሎች በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር እንዲዞሩ ተደርገዋል። የዛሬ ዓመት የነበረ ጉዞ ዘንድሮም ይኖራል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ነፋሱ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል

የስዋሂሊ ጠረፍ ነዋሪዎች ዓመቱን የሚከፍሉት በነፋስ ነው። በግምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል። ከሚያዝያ ወይም ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ደግሞ ኩሲ ነው። ዳው የሚባሉት ባለሸራ ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ከዓረቢያና ከሕንድ ቴምርና ጨርቅ ጭነው የመጡት በካስካዚ፣ የዝሆን ጥርስና የማንግሮቭ እንጨት ይዘው የተመለሱት በኩሲ ነው። ዛሬ መርከብ በሞተር ይሄዳል፤ ነፋሱ ግን ሥራውን አልተወም።

በካስካዚ ወራት ባሕሩ ረጋ ያለ፣ ውኃው የጠራ፣ አየሩም ሞቃት ነው። በሞምባሳ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ ደጋ ለወረደ ሰው ይህ ከነእርጥበቱ ቀላል አይደለም። በኩሲ ወራት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አየሩ ቀለል ይላል፤ ማዕበሉ ግን ይበረታል። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው በእነዚህ ወራት በትንሽ ጀልባ ረጅም ጉዞ ባይጀምር ይመረጣል። ረጅሙ ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይጠነክራል። አጭሩ ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል።

እስካሁን የተባለው ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆኑት ለላሙ፣ ለሞምባሳ፣ ለዛንዚባርና በመጠኑም ለሲሼልስ ዋና ደሴቶች የሚሠራ ነው። ወደ ደቡብ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። በሞሪሽየስ፣ በሬዩኒየን፣ በማዳጋስካርና በማዮት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የሳይክሎን ወቅት ነው። እአአ ታኅሣሥ 2024 ሳይክሎን ቺዶ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚምዘገዘግ ነፋስ ማዮትን አውድሟታል።

የምድር መሽከርከር ለአውሎ ነፋስ የሚሰጠው የማዞር ኃይል ከምድር ወገብ አጠገብ ደካማ በመሆኑ የኬንያ ጠረፍ ከእነዚህ ማዕበሎች በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። በአብዛኛው እንጂ ፈጽሞ አይደለም። በእአአ ግንቦት 2024 ሳይክሎን ሂዳያ ወደ ታንዛኒያ ጠረፍ ተጠግቶ የዛንዚባር የጀልባ አገልግሎት እንዲቋረጥ አድርጓል።

ልብ ሊባል የሚገባው የመርከብ ኩባንያዎቹ ወቅት ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ክረምት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። መርከቦቹ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚመጡት በአመዛኙ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ለሞምባሳና ለዛንዚባር ምርጥ ጊዜ ሲሆን ለሞሪሽየስና ለሬዩኒየን ግን ማዕበል ሊመጣ የሚችልበት ነው። አንድ ጉዞ ሁለቱንም ያካተተ ከሆነ ካፒቴኑ አንዱን ወደብ ዘልሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በተለመደው የመርከብ ጉዞ ውልም ለአየር ሁኔታ ሲባል የተዘለለ ወደብ ገንዘብ አያስመልስም። ደቡቦቹን ደሴቶች ማየት ዋና ዓላማው የሆነ ሰው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በአውሮፕላን ቢሄድ ይሻለዋል።

አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ፓስፖርት

ከዋሽንግተን የሚመጣ ወንድ ልጅና ከአዲስ አበባ የምትመጣ እናቱ በአንድ መርከብ፣ በአንድ መኝታ ክፍል ለመጓዝ ከፈሉ እንበል። ልጁ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ እናቱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘዋል። ማስታወቂያው ለሁለቱ አንድ ነው፤ መርከቧ በር ላይ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

መርከብ ለሽርሽር የሚያቆምበት እያንዳንዱ ወደብ የአንድ አገር ድንበር ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ለታንዛኒያ፣ የዛንዚባር ደሴቶችን ጨምሮ፣ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ማቅረብ ይችላል። ሲሼልስ የየትኛውንም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሆኖም ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መውሰድ ግዴታ ነው። ደቡብ አፍሪካ እአአ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ኬንያውያንን ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ ኢትዮጵያውያን ግን ቪዛ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ናይሮቢ ውስጥ ጎረቤት የሆኑ ኬንያዊና ኢትዮጵያዊ ከደርባን በምትነሳ መርከብ አብረው ለመሄድ ቢያስቡ ዝግጅታቸው በሳምንታት ሊለያይ ይችላል።

ብዙዎችን የምታሳስተው ሬዩኒየን ናት። ደሴቲቱ የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ የሸንገን ቀጣና አካል ግን አይደለችም። በመሆኑም በፓስፖርቱ ላይ የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው በዚያ ብቻ ሬዩኒየን መግባት እችላለሁ ብሎ መተማመን የለበትም፤ ቪዛው ለደሴቲቱም የሚሠራ መሆኑን ከፈረንሳይ ቆንስላ ማረጋገጥ አለበት። ማዮትም እንዲሁ ናት።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን አስፈለገ? በመርከብ ኩባንያዎች አሠራር ሰነድ የማሟላቱ ኃላፊነት የተሳፋሪው በመሆኑ ነው። በጉዞው ካሉት ወደቦች ለአንዱ የሚያስፈልገው ቪዛ የጎደለው መንገደኛ ከመነሻው እንዳይሳፈር ሊከለከል ይችላል፤ የከፈለው ገንዘብም እንደ ደንቡ አይመለስለትም። በተሳፋሪው ዓይን ደሴቲቱ ላይ አልወርድም፣ መርከቧ ውስጥ እቆያለሁ ማለት በቂ ሊመስል ይችላል፤ በኩባንያው ዘንድ ግን ሁልጊዜ ተቀባይነት የለውም። ወደ መጀመሪያው ወደብ ለሚመለስ ጉዞም የመነሻው አገር ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ መርከቧ ስትመለስ ተሳፋሪው ያንን አገር እንደ አዲስ ነው የሚገባው። ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይፈለጋል።

ሌላው ሰነድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኬንያ ወይም ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሼልስ የሚሄድ መንገደኛ ካርዱን ይጠየቃል። የምስክር ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ ከ10 ቀናት በኋላ በመሆኑ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መሯሯጥ አይጠቅምም። ከእአአ 2016 ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የቆየ ካርድ ያላቸው ሰዎች እንደገና መከተብ የለባቸውም።

በናይሮቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ቀላል የማይባሉት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ናቸው። ለእነሱ የስደተኛ መታወቂያ ኬንያ ውስጥ ማንነታቸውን ያሳያል እንጂ ድንበር አያሻግርም። ከአገር ለመውጣትና ለመመለስ በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ሰነዱን የያዘ ሰውም ለየአገሩ ቪዛ በተናጠል ማመልከት ይኖርበታል። እነዚህ ሰዎች ከመርከብ ጉዞ ይልቅ ኬንያ ውስጥ ያሉ ደሴቶችን ቢያስቡ ከብዙ ጣጣ ይድናሉ። በካምፕ የተመዘገበ ስደተኛ ግን ለዚያም የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠየቃል።

ባሕሩ ምን ያህል አስተማማኝ ነው?

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታወሰው የሶማሊያ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ነገር ነው። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። እአአ ኅዳር 2005 ወደ ሞምባሳ በማምራት ላይ የነበረችው ሲቦርን ስፒሪት ከሶማሊያ ጠረፍ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሳለ በሁለት ፈጣን ጀልባዎች በመጡ ታጣቂዎች ተተኩሶባታል። መርከቧ ኃይለኛ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ተጠቅማና ፍጥነቷን ጨምራ አምልጣለች። በሚያዝያ 2009 ደግሞ ከሲሼልስ በስተሰሜን ኤምኤስሲ ሜሎዲ ተመሳሳይ ጥቃት ደርሶባት የጥበቃ ሠራተኞቿ ተኩሰው መልሰውታል። በሁለቱም ጊዜ ወንበዴዎቹ ወደ መርከቦቹ መውጣት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በተሰማሩት የባሕር ኃይሎችና በታጠቁ ጥበቃዎች ምክንያት ጥቃቱ በእጅጉ ቀንሶ፣ የመርከብ ኢንዱስትሪው የሕንድ ውቅያኖስን ከፍተኛ ስጋት ያለበት ቀጣና ብሎ መመደቡን ከእአአ ጥር 2023 ጀምሮ አቁሟል። ከ2023 ማብቂያ ወዲህ አንዳንድ ሙከራዎች ዳግም ቢታዩም ዒላማቸው በዋናነት የጭነትና የዓሣ ማስገሪያ መርከቦች ናቸው።

የመዝናኛ መርከብ ተሳፋሪን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው እሳትና የሞተር ብልሽት ነው። እአአ የካቲት 2012 ከማዳጋስካር ወደ ሲሼልስ ስትጓዝ የነበረችው ኮስታ አሌግራ የጄኔሬተር ክፍሏ በእሳት ተያይዞ ኃይል አጣች። ከ1,000 በላይ ሰዎችን እንደያዘች ያለ መብራትና ያለ አየር ማቀዝቀዣ በውቅያኖሱ ላይ ስትንሳፈፍ ቆይታ በፈረንሳይ የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ተጎትታ ማሄ ደርሳለች። ማንም አልሞተም። ከስድስት ሳምንታት በፊት ጣሊያን ጠረፍ የተገለበጠችው የዚያው ኩባንያ መርከብ ኮስታ ኮንኮርዲያ ግን 32 ሰዎች ሞተውባታል። ከዚያ አደጋ በኋላ በተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አዲስ ተሳፋሪዎች የድንገተኛ አደጋ ልምምዱን መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች ወዲያውኑ ማድረግ አለባቸው። ልምምዱ አሰልቺ ነው፤ ግን መቅረት አይገባም።

በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የሞተው ግን በመዝናኛ መርከብም በወንበዴም አይደለም። የአገሬው ሰው በየቀኑ በሚሳፈርባቸው መሻገሪያ ጀልባዎች ነው። እአአ ሚያዝያ 1994 ሞምባሳ ውስጥ የምቶንግዌ ፌሪ ተገልብጣ 272 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 2011 ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ደሴት በሌሊት ስትጓዝ የነበረችው ስፓይስ አይላንደር ከአቅሟ በላይ ጭና ሰጠመች። የዛንዚባር መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱትንና የጠፉትን ከ1,500 በላይ አድርሷቸዋል። ዓመት ሳይሞላ በሐምሌ 2012 ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር የምትሄደው ስካጊት በኩሲ ማዕበል ቹምቤ ደሴት አጠገብ ተገለበጠች። ስካጊት ቀድሞ በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ታገለግል የነበረች ጀልባ ናት።

ዛሬ በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል የሚመላለሱት ፈጣን ፌሪዎች ከእነዚያ የተሻሉ ሲሆኑ መንገዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሳሉ። ያም ቢሆን መንገደኛው የራሱን ዓይን ማመን አለበት። መቀመጫ ካለቀ በኋላ ሰው ሲጫን ካየ፣ የነፍስ አድን ጃኬት የት እንዳለ የሚነግረው ከሌለ ወይም ሌሎች ጀልባዎች በማዕበል ምክንያት ቆመው አንዱ ብቻ ልሂድ ካለ፣ የትኬቱን ዋጋ ትቶ ወደ ሆቴሉ መመለስ ይሻላል።

ትልቁ መርከብ የግድ ነው?

አይደለም። እንዲያውም ሞምባሳን፣ ዛንዚባርንና ማሄን ብቻ ለማየት ለሚፈልግ ሰው የመዝናኛ መርከብ ውድና አስቸጋሪው መንገድ ነው። መርከብ በአንድ ወደብ የሚቆየው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ዛንዚባርን ለሚያውቅ፣ ይህ ጊዜ ስቶን ታውንን በችኮላ ዞሮ የቅመም እርሻ ለማየት ያህል ነው። ፀሐይ ጠልቃ ፎሮዳኒ የአትክልት ስፍራ የዓሣ ጥብሱ ጭስ ሲነሳ የመርከቧ ሰው ሄዷል።

መርከብ በእርግጥ ዋጋ የሚኖረው ሌላ መንገድ በሌለበት ነው። ለዚህ አልዳብራ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከሲሼልስ 115 ደሴቶች እጅግ ርቃ የምትገኘው ይህች የኮራል ቀለበት ከ100,000 በላይ ግዙፍ ኤሊዎች ይኖሩባታል፤ ዩኔስኮም እአአ በ1982 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የሚደርሱባት አነስተኛ የአሰሳ መርከቦች ናቸው፤ ክፍያቸውም ከባድ ነው። አቅሙ ያለው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣ ከሆነ እንዲህ ላለው ጉዞ ቢያወጣ አይቆጭም። አቅሙ የሌለው ደግሞ የአልዳብራን ኤሊዎች ከዛንዚባር ወደብ በጀልባ ጥቂት ደቂቃዎች በምትርቀው ቻንጉ ደሴት ያገኛቸዋል። እአአ በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የተላኩ አራት ኤሊዎች ዘር ናቸው።

ከናይሮቢ ለሚነሳ ቤተሰብ የሚቀርበው መንገድ ግን ባቡሩ ነው። እአአ በ2017 ሥራ የጀመረው ማዳራካ ኤክስፕረስ ከሲዮኪማው ጣቢያ ተነስቶ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞምባሳ ዳርቻ ሚሪቲኒ ይደርሳል። ከጥር 2024 ጀምሮ የሁለተኛ ማዕረግ ትኬት 1,500፣ የአንደኛው 4,500 የኬንያ ሺሊንግ ሆኗል። ባቡሩ ጻቮን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ የቀኑን ጉዞ የመረጠ ሰው በመስኮት በቀይ አፈር የተለወሱ ዝሆኖችን ሊያይ ይችላል። ጣቢያው በር ላይ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይጠየቃል፤ በበዓላት ሰሞን ትኬት ፈጥኖ ያልቃል።

ከሞምባሳ በስተደቡብ ከሺሞኒ መንደር በዳው ተሳፍሮ ወደ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክ መሄድ ይቻላል። ዶልፊኖች የሚታዩት እዚያ ነው። ዋናተኞች የኮራሉን ዓሦች በውኃ መነጽር ይመለከታሉ፤ ምሳ ዋሲኒ ደሴት ላይ ይበላል፤ ማታ ሞምባሳ ይታደራል። ቪዛ የሚባል ነገር የለም፤ የፓርክ መግቢያ ግን ይከፈላል። ሽማግሌ እናትንና ትንንሽ ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው የአንድ ቀን የዳው ጉዞ ሳምንት ሙሉ ባሕር ላይ ከመቆየት ይቀላል፤ ሰው ባሕር ይስማማው እንደሆነም የሚፈተነው በዚህ ነው።

ላሙ የተለየች ናት። እአአ በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የላሙ አሮጌ ከተማ ጎዳናዎቿ ለመኪና አይበቁም፤ ዕቃ የሚመላለሰው በአህያ ነው። ለኢትዮጵያውያን የላሙ ስም የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከወደቡ ፕሮጀክት ጋር ነው፤ አዲሱ ወደብ ግን ከአሮጌው ከተማ ማዶ በዋናው ምድር ላይ ያለ ሲሆን የመጀመሪያው ማረፊያው በግንቦት 2021 ተከፍቷል። በዳው ከደሴት ደሴት እየተጓዙ ማደር የሚፈልግ ሰው ከላሙ የተሻለ መነሻ አያገኝም። ጥንቃቄ የሚያሻው መንገዱ ነው። እአአ በ2011 ከዚህ አካባቢ ደሴቶች የውጭ አገር ጎብኚዎች ታፍነው ተወስደዋል፤ በሰኔ 2014 በምፔኬቶኒ ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ወደ ላሙ በሚወስደው የመኪና መንገድም በተለያዩ ጊዜያት ጥቃቶች ተፈጽመዋል። ወደ ላሙ በአውሮፕላን ገብቶ በአውሮፕላን መውጣት የብዙዎች ምርጫ የሆነው ለዚህ ነው።

ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው ዋጋ

የመርከብ ጉዞ ዋጋ የሚሰላው አንድን ክፍል ሁለት ሰዎች ይጋሩታል ተብሎ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሊጠየቅ ይችላል። በዋናው አዳራሽ የሚቀርበው ምግብ ከዋጋው ጋር ነው፤ የለስላሳና የአልኮል መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ በየወደቡ የሚደረግ ሽርሽር፣ በየቀኑ በየሰው የሚታሰብ የአገልግሎት ጉርሻ በአብዛኛው ለብቻ ናቸው። ሂሳቡ በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ዛንዚባር ደግሞ ከእአአ ጥቅምት 2024 ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚዎች የ44 ዶላር የጉዞ መድን ግዴታ አድርጋለች። ሌላ መድን አለኝ ማለት ከዚህ ክፍያ ነጻ አያደርግም።

ያም ሆኖ ሌላው መድን አያስፈልግም ማለት አይደለም። መርከቦች ሐኪምና አነስተኛ ክሊኒክ አላቸው፤ ልብ ድካምን ወይም የተሰበረ ዳሌን የሚያክም ሆስፒታል ግን ባሕር ላይ የለም። ታማሚን ከደሴት ወደ ናይሮቢ በአውሮፕላን የማጓጓዝ ወጪ ከጠቅላላው ጉዞ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ከመክፈል በፊት መድኑ ይህንን የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ክፍል ሲመረጥ በረንዳ ያለው ውድ ነው፤ መስኮት የሌለው ርካሽ ነው። ባሕር ለሚያጥወለውለው ሰው ግን ከበረንዳው ይልቅ ቦታው ይጠቅመዋል፤ መናወጡ የሚቀንሰው በመርከቧ ወገብ ላይ ባሉት ዝቅተኛ ወለሎች ነው።

ጾም፣ ፌስታልና ሰዓት

የመርከቦቹ ወቅት ከኦርቶዶክሳውያን ሁለት ትልልቅ አጽዋማት ጋር ይገጥማል። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት እስከ ገና ይዘልቃል፤ ዐቢይ ጾምም ብዙውን ጊዜ በየካቲት ይጀምራል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ምግብ በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ቪጋን በሚል ስም አለ፤ በቂ አማራጭ እንዲቀርብ ግን ቦታ ሲያዝ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ሐላል ምግብ የሚፈልጉም እንዲሁ ቀድመው መጠየቅ አለባቸው። በዛንዚባርና በላሙ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ፣ ሬመዳን በእነዚህ ወራት ሲውል ቀን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ነውር ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ውጭ ትከሻና ጉልበትን መሸፈን ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ይጠበቃል።

ፌስታል ይዞ መሄድ አይቻልም። ኬንያ እአአ ከነሐሴ 2017፣ ታንዛኒያ ደግሞ ከሰኔ 2019 ጀምሮ ከልክለውታል፤ ዛንዚባርም አትፈቅድም። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ በፌስታል ጠቅልለው የሚመጡ እናቶች አስቀድሞ ቢነገራቸው ጥሩ ነው።

በመጨረሻ የሰዓት ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ኢትዮጵያውያን ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነው። ሳ ሞጃ የሚሉት የእኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ የሺሞኒ ባለዳው በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት እንነሳለን ካለ ኢትዮጵያዊው ያለ ማስላት ይገባዋል። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ስምንት ሰዓት ሊል ይችላል። የመዝናኛ መርከቦች የሚጠቀሙት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ከአገር አገር ሲሻገሩም ሰዓታቸውን ከየወደቡ ጋር ሳያስተካክሉ የሚቆዩበት ጊዜ አለ። መርከብ በራሷ ያዘጋጀችውን ሽርሽር ይዘው የዘገዩትን ትጠብቃለች፤ በግሉ ታክሲ ተከራይቶ የቀረውን ግን አትጠብቅም። ወደ ከተማ ከመውረድ በፊት በመውጫው በር ላይ የተለጠፈውን የመመለሻ ሰዓት በስልክ ፎቶ ማንሳትና በማን ሰዓት እንደተጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል።